ሐኪሙ ያልጠየቀው ዋስ

በ1923 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አራዳ በነበረ በአንድ የውጭ አገር ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ሐኪሙ ያልተናገረው ቃል በሐኪሙ ስም ተነገረኝ። በዚያ ቃል የተነሣ ምንም ያልበደለ ሰው ስሙን አጣ። ቃሉን የተናገረው አስተርጓሚው ነው። ውሸት መሆኑን እየሰማሁ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ ለኑዛዜ የንስሐ አባት አለኝ። የምጽፈው ከአንድ ሰው አንድ መልስ ስለምፈልግ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገና በልጅነቴ ባሕር ማዶ ወደሚገኝ የመነኮሳት ትምህርት ቤት ልኮኝ ስለ ነበር፣ ከተመለስሁ በኋላ በየመኳንንቱ ቤት እየዞርሁ ሴቶች ልጆቻቸውን ፈረንሳይኛ አስተምር ነበር። በከተማው ይህን ቋንቋ የሚናገሩ ያገር ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በበቅሎ ተቀምጬ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ጫማ አድርጌ ስለምሄድ አራዳ ያውቀኝ ነበር። ቢያንስ ጫማዬን ያውቀው ነበር።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ማርገዜን አወቅሁ። የሰውየውን ነገር አላነሣም። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዳች ነገር አላደረገም፤ በደሉም ይኸው ነው።

ያስጨነቀኝ የራሴ ስም ብቻ አልነበረም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችንን የሚያስተዳድረው አጎቴ ነበር። ታናሽ እኅቴ ጽጌ እኔ ወደ ተማርሁበት ትምህርት ቤት እንድትሄድ፣ ከፋሲካ በኋላም በባቡር ወደ ጅቡቲ እንድትወርድ ተወስኖ ነበር። አጎቴ የፈቀደው ወዶ አልነበረም።

«ሴት ልጅ ፈረንጅ አገር ልካችሁ ምን ልታተርፉ ነው ብዬ ነበር» አለኝ አንድ ቀን። «ግን አንቺን አየሁሽ። እስካሁን ምንም አላሳፈርሽንም። እንግዲያው ትሂድ።»

«እስካሁን» ያላት ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። የእኔ ነገር ቢሰማ የጽጌ ጉዞ በዚያው ያበቃል። ልጅቱ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ካልሄደች በዓመቱ ትዳራለች። ባሏ የሚሆነው ሰው ከወዲሁ ይታወቅ ነበር፤ ከአጎቴ ጋር ገበጣ የሚጫወት ሽማግሌ ነበር።

ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ እንደሚረዳ የነገረችኝ የቤታችን ሠራተኛ አስካለ ናት። ሴቶች «ደሜ ቀረብኝ» ብለው ይገባሉ፤ እሱም ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን አስቀድሞ ሄዶ ቀን ማስቆረጥ ያስፈልግ ነበር። በወረቀት ልጽፍለት አልችልም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚከፍተው አስተርጓሚው ነው። ማንነቴን ይዤ ልሄድም አልችልም። ስለዚህ አስካለን ሆኜ ለመሄድ ቆረጥሁ።

ቀሚሷን ለበስሁ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። አስካለ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና ሳቋ አመለጣት።

«እሜቴ፣ ላይዎስ እኔን መስሏል፤ እግርዎ ነው የሚያሳብቅ። የኔ ቢጤ እንዲህ ያለ እግር ይዛ ብትገኝ ከማን ሰረቅሽው ነው የምትባለው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አመድ እናስነካዋለን። ደግሞ ብዙ አይናገሩ። ሲናገሩ እንደ መጽሐፍ ነው።»

ብዙ እንዳልናገር የመከረችኝን ከሚገባው በላይ ፈጸምሁት።

የሐኪሙ ቤት ከጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ኋላ ፒያሳ በተባለው ሰፈር፣ የአርመንና የሕንድ ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ ዳር ነበር። በረንዳው በሕመምተኛ ተሞልቷል። አስተርጓሚው ከበሩ ላይ ቆሞ በተራ ይጠራል። ካኪ ኮት የለበሰ፣ ጢሙን በጥንቃቄ ያሾለ ወጣት ነበር። በምላሱ አራዳን ያስቅ ነበር፤ ማሳቁንም ያውቅ ነበር።

«አንቺ፣ የተከናነብሽው! ምንሽን ነው?»

«ደሜ ቀረብኝ» አልሁ ቀስ ብዬ።

«ቀረ? ታዲያ የት አምሽቶ ነው? ጠጅ ቤት ፈልገሽዋል?»

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ዐይኑ የታሸገ ሽማግሌ እንኳ ሳቀ። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፋ፣ ድካም የተጫነው ሰው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ አስጠየቀኝ፤ መለስሁ። ከዚያ ለአስተርጓሚው በፈረንሳይኛ እንዲህ አለው፦ «ጊዜው ገና ነው። ሐሙስ ማለዳ ሌላ ሕመምተኛ ሳይመጣ ትምጣ። እህል አትቅመስ። አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ታስከትል። ሌላ ምንም አያስፈልግም። አትፍሪ በላት።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«ሐሙስ ማለዳ ትመጫለሽ። እህል እንዳትቀምሺ። አንዲት ሴት አስከትዪ። ደግሞ ሐኪሙ ዋስ ታምጣ ይላል። ቤት ወይም ሱቅ ያለው ወንድ ይሁን። ብትሞቺ ዘመዶችሽ ደም ብለው እንዳይመጡ ዋሱ ይመልሳል። ያለ ዋስ ሐኪሙ እጁን አይዘረጋም።»

«አትፍሪ» የሚለውን አልተረጐመውም።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ሰውየው ዋስ የጠየቀው በክፋት ብቻ ነው አልልም። በዚያ ዘመን የውጭ አገር ሰው ሲከሰስ ቆንስሉ ባለበት ይዳኝ ነበር፤ አስተርጓሚው ግን ያገር ልጅ ነው። ሕመምተኛ ቢሞት የሟች ዘመድ አንገቱን የሚይዘው እሱን ነበር። ፈርቷል። መፍራቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው ፍርሃቱን በሌላ ሰው አፍ ማናገሩን ነው።

«ሐኪሙ እንዲህ አላለም» የሚለው ፈረንሳይኛ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው አስተርጓሚው ያፍራል፣ ዋሱም ይቀራል። ነገር ግን በባዶ እግሯ መጥታ ፈረንሳይኛ የተናገረች ሴት ማን እንደ ሆነች ሳይመሽ አራዳ ሁሉ ያውቃል። ያን ሁሉ ዓመት የተማርሁት ቋንቋ በሚያስፈልገኝ ቦታ ላይ የማልናገረው ሆነ።

«ዋሱ ሴት ብትሆንስ?» አልሁት በአማርኛ።

«ሴት ለሴት ዋስ? ድመት ለድመት ወተት አደራ አለች በይኛ!» አለና ቀጣዩን ጠራ።

ወጥቼ ከአንድ የኮርቻ ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እግሬ በጠጠሩ ተላልጦ ይደማ ነበር። ዋስ ከየት ይመጣል? የማውቀው ወንድ ሁሉ የሚያውቀኝ ወንድ ነው። አስካለ ወንድም የላት፤ ቢኖራትስ ሱቅ ያለው ከየት ይመጣል?

ባለ ሱቁ በቅል ውሃ ይዞ ወጣ። ይመር ይባላል። የወሎ ሰው፣ ሙስሊም፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ነበር።

«እኅቴ፣ እግርሽ ምን ሆነ?»

«መንገዱ ነው።»

«መንገዱ ነው አዲሱ ወይስ እግርሽ?» አለ፤ ሲለው አልሳቀም። ውሃውን ሰጠኝ። «ከሐኪም የሚወጣ ሰው ይስቃል፤ አንቺ ታለቅሻለሽ።»

ማልቀሴን አላወቅሁም ነበር። «ዋስ አምጪ አሉኝ» አልሁት። «ሰው የለኝም።»

«ሰው ሊድን ዋስ ይጠራል እንዴ? ዋስ የሚጠራ ሌባ ነው።»

«ብሞት ዘመድ ደም እንዳይጠይቅ ነው።»

ይመር ወደ ሐኪሙ በረንዳ ተመለከተ፤ መልሶም እግሬን አየ። «አትሞቺም፣ ኢንሻ አላህ» አለ። «እኔ እሆንሻለሁ።»

ሕመሜን አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ስሜንና ሰፈሬን ብቻ ነው። «አስካለ» አልሁት። «እሪ በከንቱ» አልሁት። ሁለቱንም ያለ እንቅፋት ተናገርሁ። ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ አብሮኝ ተመለሰና በሁለት እማኞች ፊት «ለዚች ሴት ነፍስ ዋስ ነኝ» አለ። አስተርጓሚው ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ የይመርን ፊት አየና ተወው።

ሐሙስ ማለዳ እውነተኛዋ አስካለ እንደ አክስት ሆና ተከተለችኝ። ሐኪሙ ሥራውን በጥንቃቄ ሠራ። እኔም ዳንሁ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ የበለጠ ለአንባቢ የምሰጠው የለኝም። ሰው ጸጸቴ ከዚያ የመነጨ ሊመስለው ይችላል። እሱ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ነው፤ አንባቢ ዳኛ አይሆንበትም። እንቅልፍ የሚነሣኝ ጸጸት ስም አለው፤ ይመር ይባላል።

እኔ ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ባገራችን ልማድ ግን ዋስ የገባ ሰው ነገሩ ሲያልቅ በራሱ አይወርድም። ዋስ የተገባለት ሰው በእነዚያው እማኞች ፊት ቀርቦ «ዋሴን አውርዱልኝ» ማለት አለበት። እስኪያወርደው ድረስ ዋሱ ተይዞ የሚኖር ሰው ነው። ይህን ያልተማረች ባላገር ሁሉ ታውቃለች። እኔ ያደግሁት ባሕር ማዶ ነውና አላወቅሁም። አስካለ የማውቅ መስሏት አልነገረችኝም፤ እኔም መጠየቅ ያለብኝ ነገር መኖሩን ስለማላውቅ አልጠየቅኋትም።

ሐኪሙ ከሳምንት በኋላ ተመልሼ እንድታይ አዝዞ ነበር። ጤና ስለ ተሰማኝ አልሄድሁም። አስተርጓሚው የሞትሁ መሰለው። ሞታ በምስጢር ተቀብራለች፣ ነገ ዘመዶቿ ይመጡብኛል ብሎ ወደ አራዳ ዘበኞች ሄደና ይመርን አስያዘው። «ሴትዮዋን አምጣት» ተባለ። ይመር እሪ በከንቱን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ በየደጁ አስካለ የምትባል ሴት ጠየቀ። እንደዚያ ያለች አስካለ ከየት ትገኛለች?

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በመጀመሪያ ያየሁት ግን ራሱን ይመርን ነው። ጾሙ ከገባ ሰንብቷል። በበቅሎዬ ተቀምጬ ለማስተማር ስሄድ፣ ይመር ሸማው ከዘበኛ ሸማ ጋር ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆኖ በአራዳ መንገድ ሲነዳ አየሁት። ሥራ ፈቶች ተከትለውታል።

«ወሎዬው፣ የት ቀበርሃት?»

«ዋስ ነኝ ብሎ ወራሽ ሊሆን!»

ይመር በአጠገቤ አለፈ። ዐይኑ መጀመሪያ ያረፈው በእርካቡ ውስጥ ባለው ጫማዬ ላይ ነው። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ዞረ።

በቅሎዬን መለስሁ። ቤት ገብቼ ያየሁትን ለአስካለ ብነግራት ዋስ እንዴት እንደሚወርድ አስረዳችኝ። ቀሚሷን ለበስሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። አስካለ «ዛሬስ እኔው ልሂድ» ብትለኝ አልፈቀድሁም፤ እማኞቹ ያዩት ዐይንና የሰሙት ድምፅ የእኔ ነው።

ከሐኪሙ በረንዳ ስደርስ ይመርን ከነዘበኛው አምጥተውት ነበር። «በሕይወት አለሁ» አልሁ። «ዋሴን አውርዱልኝ።»

አስተርጓሚው መጀመሪያ ዕፎይ አለ፤ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ቀጥሎ ተናደደ።

«ይችው! እንቅልፍ ነሥታኝ ሰንብታ ወይዘሮ መስላ መጣች!» አለና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሕመሟን ታውቁታላችሁ? ሆዷን ልታወርድ ነው የመጣችው። እስቲ ንገሩኝ፣ ለእንዲህ ያለ ሕመም ዋስ የሚሆን ወንድ ምን ዐይነት ወንድ ነው?»

«ባለቤቱ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኮርቻ ይሸጣል ስንል እሱ ኖሯል ጋላቢው!» አለ ሌላው።

ሳቁ እስከ መንገድ ወጣ። ይመር የሰማው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ አልተለወጠም፤ እጁ ግን የሸማውን ቋጠሮ ጨበጠ።

«እሱ አይደለም» አልሁ በአማርኛ። ደግሜም አልሁት። ማንም አልሰማኝም። በባዶ እግሯ የቆመች ገረድ አባቱ እሱ አይደለም ስትል ሳቁን ከመጨመር በቀር ምን ታደርጋለች?

ሐኪሙ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣና ምን እንደ ሆነ በፈረንሳይኛ ጠየቀ። አስተርጓሚው መለሰለት፦ «ይህ ሰው የልጁ አባት ነው፤ አሁን በሕዝብ ፊት አመነ።» ይህን ሲናገር ያየው ሐኪሙን አልነበረም። እኔን ነበር። ቃል በቃል፣ ቀስ እያለ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ ተናገረው። ተናግሮም ጥቂት ቆየ።

ሐኪሙ ይመርን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። የእኔን ሕይወት በጥንቃቄ የያዘ ሰው ነው፤ ይመርን ግን እንደ ቆሻሻ አየው። ተመልሶም ገባ።

የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ነበር። በፈረንሳይኛ አንድ ትንፋሽ ነው። ያንኑ ቃል በአማርኛ ተናግሬው አየር ሆነ፤ በፈረንሳይኛ ብናገረው ግን ሐኪሙ ከበሩ ይመለስ ነበር፣ በረንዳውም ጸጥ ይል ነበር። የጽጌን ባቡር አሰብሁ። ገበጣ ተጫዋቹን ሽማግሌ አሰብሁ። አፌን አልከፈትሁም።

ዘበኛው ቋጠሮውን ፈታ። ይመር ሸማውን አራገፈና ለማንም ሳይሆን ለሁሉም እንዲህ አለ፦ «እኔ ዋስ የገባሁት ለነፍሷ ነው። ነፍሷ ይችው ቆማለች።»

በአጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሂዱ እሜቴ» አለኝ። «እግርዎን ጫማ ያልብሱት።»

ማን እንደ ሆንሁ ያውቅ ነበር። ከመንገዱ ላይ፣ ከጫማዬ አውቆኛል። ምናልባትም ውሃ ሲሰጠኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ይሆናል። ስሜን ቢጠራ በዚያች ሰዓት ይነጻ ነበር። አልጠራም።

አራዳ ሰው ያለ ስም አይተውም፤ «አባ ዋሴ» አሉት። ልጆች ሱቁ ደጃፍ እየመጡ «አባ ዋሴ፣ እኔንም ዋሰኝ!» ይሉት ነበር። ሚስቱ ወሬውን ከጎረቤት ሰምታ ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ በሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። አስካለን ልኬ አስጠየቅሁ፤ «አገሩ ገባ» አሉ። ከወሎ የትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ጽጌ ከፋሲካ በኋላ ሄደች። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብላ እስክትሰወር ድረስ እጇን አውለበለበች። ተምራ ተመለሰች፤ ከእኔ የተሻለች ሰው ሆነች። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ደስ ባለኝ ቁጥርም ያች ሸማ ትዝ ትለኛለች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ይመርን ሳላገኘው ዘመኑ አለፈ። ለጽጌ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፤ ይህን ስታነብ ትወቀው።

ይህን ሁሉ ይዤ ልሞት አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በቅርቡ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ ሆቴል የተደረገ ሠርግ ነው። አስተርጓሚው ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ ማዕርግ አለው፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ቢሮ አለው። ከአንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን። እየበላን ሳለ ስለ ድሮው አራዳ እንዲያጫውተን ለመኑት፤ እሱም ገረድ አስረግዞ ራሱ ዋስ ሆኖ ስለ ቀረበ አንድ የወሎ ኮርቻ ሻጭ አወራ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አጠገቡ ለተቀመጠው እንግዳ ደግሞ በፈረንሳይኛ ተረጐመለት፤ እንግዳውም ሳቀ። ከዚያ ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፤ ያንኑ ዐይን፣ ያንኑ ዝግታ ይዞ፣ በፈረንሳይኛ «ወይዘሮ፣ ያን ዘመን ያስታውሱታል?» አለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ዝም አልሁ። አራተኛ እንዳይኖረው ይህን ጻፍሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን መጽሔት እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ስምዎን አልጻፍሁም፤ ይመር የእኔን ስም አልጠራምና ከእሱ የተማርሁት ይህንን ነው። ካሣ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታም አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። በዚያ በረንዳ ላይ ለሐኪሙ ሲነግሩት ዐይን ዐይኔን ያዩኝ፣ ቋንቋውን እንደምሰማ አውቀው ነበርን? ካላወቁ፣ እርስዎ የፈራ ሰው ነበሩ፤ የይመር ዕዳ በእኔ ላይ ብቻ ይቀራል። ካወቁ ግን እንድናገር ጊዜ ሰጥተውኝ ነበር ማለት ነው፤ ብናገር ኖሮ ምን ሊያደርጉ አስበው እንደ ነበር ይንገሩኝ።

አዎን ይበሉኝ፣ ወይም አይደለም ይበሉኝ። በፈለጉት ቋንቋ ይመልሱ፤ ሁለቱንም እሰማለሁ።